ገና ሳይገባ የዘራነው ስንዴ

ባሌ ውስጥ በግብርና ሥራ ዕድሜዬን ስፈጅ፣ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ገበሬ ከጣት አይበልጥም ነበር። ወንድወሰን ብሎ የሚጠራኝ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "ገና" ይለኛል። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሮቤ ላይ ሽኝት ተደርጎልኝ፣ ኃላፊው ንግግሩን "አቶ ወንድወሰን" ብሎ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች "ማነው ደግሞ እሱ?" ተባብለው አዳራሹን አስቀውብኛል። አዲሶቹ የቢሮ ልጆች ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ፤ አንዷማ በገና ዕለት የተወለድኩ መስሏት ነበር። ስሙን ያተረፍኩት በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ በትልቁ ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አንጀቴን ቆርጦት ነበር።

የመሬት አዋጁ በታወጀ በዓመቱ ከእርሻ ማሠልጠኛ ወጥቼ ባሌ ስመደብ፣ ጺሜ እንኳ በቅጡ አላቀመቀመም። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከልብስ ሰፊ አባት ነው። ሞፈርና ቀንበር የማውቀው ከመጽሐፍ ሥዕል ነበር። ኦሮምኛ አንድ ቃል አልሰማም። እንግዲህ ይህን ሁሉ አለማወቅ ተሸክሜ ነው ገበሬ እንዳስተምር የተላክሁት።

ሮቤ ላይ የተቀበሉኝ አለቃዬ ኦቦ ከድር የጊኒር ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ከብት እየነዱ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ቆይተው፣ ዘግይተው ነው ትምህርት የጀመሩት። ማሳ ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ጫማቸውን ያወልቁና በባዶ እግራቸው ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። አፈሩ ረጥቦ እንደሆነ፣ ጓሉ እንደወፈረ፣ ማረሻው ጠልቆ እንደሄደ በእግራቸው ያነባሉ። ገበሬ ፊት ደብተር ገልጠው አያውቁም፤ "ስትጽፍ ያየህ ሰው እውነቱን ትቶ ለደብተርህ የሚስማማውን ነው የሚነግርህ" ይሉኝ ነበር። አዲስ ገበሬ ሲተዋወቁ ደግሞ ሁልጊዜ "ድሮ ምን ትሠራ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን በጥሞና ሰምተው ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ነገር አይገቡም።

መጻፍ ግን እንደ ኮሶ ነው የሚጠሉት። ትእዛዝ መላክ ግድ ሲሆንባቸው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ይጭራሉ። ሲጋራ አያጨሱም፤ ባዶውን ፓኮ ከአጫሾች ይለቅሙታል። ከሁለት መስመር ያለፈ ደብዳቤ እሳቸው ዘንድ ስብከት ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ከጎባ ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ያለ የገበሬ ማኅበር ሆነ። እዚያ አካባቢ የሚበዛው ክርስቲያን ነው፤ ኦሮሞውም አማራውም። ከመንደሩ ጠርዝ ወንዙ ዳር ሰባት የሙስሊም ቤቶች ነበሩ። አያቶቻቸው ከወሎ ከሲራራ ነጋዴ ጋር መጥተው የቀሩ ሸማኔዎች ናቸው። ባለርስቱ የጎጆ ቦታ ሰጥቷቸው፣ እነሱም በየዓመቱ ጋቢ እየሸመኑለት ሲኖሩ፣ እርሻ የሚባል ነገር በስማቸው ኖሮ አያውቅም። ሰው ገበያ ላይ ጋቢያቸውን ይሻማል፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ "ቁጢት በጣሽ" እያለ ሙያቸውን ይሰድባል። ለውጡ ሲመጣ በዓላቸው የመንግሥት በዓል ሆነ፤ በአዋጁም እንደ ሰው ሁሉ መሬት ተመራላቸው። ጉዱ ከሰባቱ አባወራ አንድም በሬ ጠምዶ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቱፋ ይባላሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ማሳቸውም ከሸማኔዎቹ መሬት ጋር ይዋሰናል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መሬት ጾሙን ሲያድር ማየት ግን አይችሉም። በስብሰባ ላይ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ተናገሩ፤ ሰኔ መጨረሻ ኮሚቴው ማሳ ለማሳ ይዞራል፤ እህል ያልቆመበት መሬት ተነሥቶ መሬት ላልደረሳቸው ወጣቶች ይሰጣል። በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰባቱም ሰዎች ሥራ "ሸማኔ" ተብሎ ነበር የተጻፈው። ሰኔ ላይ ማሳቸው እህል ይዞ ከተገኘ "ገበሬ" ይባላሉ፤ አለዚያ በነበሩበት ይቀራሉ።

ከሰባቱ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ሰይድ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጣታቸው ረጃጅም፣ ቀልድ የማያጣቸው ሰው። ከስብሰባው ስንወጣ ጠጋ ብለው በመሥሪያ ቤቴ ስም እየጠሩኝ፣ "ግብርናው፣ አባቴም አያቴም የተቀበሩት በሰው መሬት ነው። እኔ በራሴ መሬት መቀበር እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ልረስበት" አሉኝ። ያን ቀን የሰውየውን ነገር የራሴ አደረግሁት።

ሰባቱ ቤት ያላቸውን ጋቢ ሁሉ ገበያ አውጥተው ሁለት በሬ በጋራ ገዙ። ጥቅምት ላይ ትምህርት ጀመርን። እኔ መጽሐፉን ገልጬ ከማሳው ዳር ቆሜ አነባለሁ፤ አያ ሰይድ በሬዎቹን ይከተላሉ። እርፉን እንደ ፈትል በጣታቸው ጫፍ ነው የሚይዙት፤ ማረሻው ከአፈሩ እየዘለለ ይወጣል። ዕድሜ ልካቸውን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው በሁለት እግር መርገጫውን እየቀያየሩ ሲረግጡ ስለኖሩ፣ አንድ ሲራመዱ አንዴ ቆም ይላሉ። ይባስ ብሎ ትልሙ ትንሽ ከተጣመመ ካልደገምኩት ብለው ይመለሳሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ያወጡት ትልም ስድስት ነበር። ኦቦ ቱፋ ከድንበሩ ካብ ላይ ተቀምጠው፣ ጥለትም ያወጡለት እንደሆነ ይጠይቋቸዋል።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆነ። ተስፋ ቆርጬ ለኦቦ ከድር አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማንበቡን የፈሩት ይመስለኛል፣ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው በታረሱት ጥቂት ትልሞች ላይ ተመላለሱ። ከዚያ ከአያ ሰይድ ጎን ቁጢጥ ብለው፣ ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቁ፤ እንደማያውቁ ሆነው። አያ ሰይድም ቡሉኮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ድሩ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ማጉ እንዴት እንደሚደረብ ግማሽ ቀን አወሩ ብል አላጋነንኩም። ኦቦ ከድር አንዴም አላቋረጧቸውም።

"ማጉን ሲያስገቡ በስሱ ነው የሚመቱት በኃይል?" አሉ በመጨረሻ።

"ለነጠላ በስሱ ነው። ለቡሉኮማ በኃይል ነው፤ አለዚያ ብርድ ያስገባል።"

"እንግዲያው ይህ መሬት ቡሉኮ ነው። የመጀመሪያው እርሻ ድር ነው፤ በረጅሙ ይዘርጉት። ሁለተኛው ማግ ነው፤ በአግድሙ ይሻገሩበት። ማግ የሌለው ድር ልብስ ይሆናል?"

አያ ሰይድ መሬቱን አዩት፤ መሬቱንም ያን ጊዜ ነው መሰለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት። ከዚያ ተነሥተው እርፉን በሙሉ መዳፋቸው ጨበጡና ተጫኑት። ማረሻው ጠልቆ ገባ፤ አፈሩም ጥቁር ሆኖ ተገለበጠ። ስድስቱ ጎረቤቶቻቸው ተራ እንዲሰጧቸው ይጣሉ ጀመር። እኔም መጽሐፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ይህችን ትምህርት በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ይዣት ዞሬያለሁ። ሃረና ጫካ ስመደብ፣ ከዛፍ ሥር የወደቀ ቡና ከመልቀምና ቀፎ ከመስቀል ሌላ የማያውቁ ሰዎች ችግኝ እንዲያፈሉ እዘዝ ተባልኩ። ቀፎ የምትሰቅሉበትን ዛፍ በምን ትመርጡታላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸውና፣ በነገሩኝ ዛፍ ጥላ ሥር ችግኙን አፈላን። ጊኒር ላይ ደግሞ ቅቤ ስትነግድ የኖረች አንዲት ሴት የወተት ከብት አያያዝን ከእኔ በመማር ፈንታ እሷው አስተማረችኝ። ሪፖርትን በሚዛን የሚመዝን አለቃም ገጥሞኛል፤ ወረቀቱ ከቀለለ ሥራው የቀለለ ይመስለው ነበር። እሱን ትቼ ወደ ሸማኔዎቼ ልመለስ።

በታኅሣሥ አጋማሽ የሰባቱም መሬት ሁለቴ ታርሶ ተኝቷል። እኔ ግን አያርፍልኝም። ሰዎቹ ማታ ማታ ወደ ሽመናቸው ሲመለሱ ሳይ፣ ኦቦ ቱፋ "እነዚህማ ሸማኔ ናቸው" ብለው መሬቱን እንዳይነጥቁ ሰጋሁ። ወይ ሸማ ወይ ሞፈር ነው፣ የሸማውን ዕቃ አፍርሱት አልኳቸው። ማን እንዲህ በል እንዳለኝ እንጃ፤ አለቃዬም አላሉኝም፣ አዋጁም አይልም። ሰዎቹ ግን መንግሥት መስዬ ታየኋቸውና አፈረሱት። የአያ ሰይድ ሚስት እቴ ዘሀራ ያን ቀን ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ምሰሶዎቹም ለዶሮ ቤት ማገር ሆኑ።

በዚያው ሰሞን የዘር ስንዴ በመኪና መጣ፤ ከሾፌሩም እጅ አንድ የሲጋራ ፓኮ ደረሰኝ። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ስንዴው ለገና ይዘራ። ዘሩን ከነቀዝ ጠብቅ። ከድር።" ቀኑን ቆጠርኩ፤ ለገና ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ለአያ ሰይድ ስነግራቸው አልገረማቸውም። "እኛ የምናከብረው የነቢዩን መውሊድ ነው፤ ለስንዴ ከሆነ ግን የነቢዩ ዒሳንም ልደት በሥራ እናከብራለን" አሉና ሳቁ።

በገና ዋዜማ ሰባቱም ቤት "ቢስሚላህ" ብሎ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ መሬቱ እንደ አመድ ይቦናል። ኦቦ ቱፋ ለበዓል በግ ሊገዙ ወደ ጎባ ሲያልፉ ቆመው አዩንና፣ "ግብርና፣ ገና ነው እኮ" አሉኝ። ኦቦ ቱፋ አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ የአማርኛውንም ላላ የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገው ይጠሩታል። እሳቸው ጊዜው አልደረሰም ማለታቸው ነበር። እኔ ደግሞ በዓሉን መስሎኝ፣ "አዎ ኦቦ ቱፋ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳቸው። እኔንም ዘሩንም አየት አድርገው "አደረሰን" ብለው ሄዱ። መንግሥት ውርጭ የማይነካው አዲስ ዘር አምጥቶ ይሆናል ብለው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

ጥር ላይ ያልታሰበ ካፊያ ጣለ። በሳምንቱ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ። እቴ ዘሀራ እልል አሉ፤ ለእኔም ሰላምታ ማቅረብ ጀመሩ። አያ ሰይድ በየጠዋቱ ቡቃያውን ሳይዩ አፋቸውን አያሟሹም። እኔ ደግሞ ለኦቦ ከድር አምስት ገጽ የደስታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ሆነና ቡቃያው ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ረገፈ። የካቲት ሲጋመስ ሰባት ማሳ ላይ አንድ የቆመ ነገር አልነበረም።

ኦቦ ከድር መጥተው ጫማቸውን አወለቁ። በደረቀው ማሳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደው ተመለሱና፣ ዝሩ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ፓኮውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። የራሳቸውን ጽሕፈት ብዙ ጊዜ አዩት።

"አንተ የየት አገር ሰው ነህ ነበር ያልከኝ?"

"የደብረ ብርሃን።"

"አሃ፤ አሁን ገባኝ" አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ለባሌ ሰው ዓመቱ ሁለት እርሻ እንዳለው፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን የዝናብ ወራት በኦሮምኛ ገና፣ ከነሐሴ በኋላ የሚመጣውን ቦና እንደሚሉት አስረዱኝ። እሳቸው ገና ያሉት መጋቢትን ነው፤ እኔ ያነበብኩት የክርስቶስን ልደት። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየን ሁለት ወር ተኩል ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኦቦ ከድር አልተቆጡኝም፤ ሁለት መስመር ከምጽፍ ሦስተኛዋን ጨምሬ መጋቢት ብል ምን ነበረበት ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ሌላ ዘር እንዲሰጡን ብለምናቸው መጋዘኑ ባዶ ነው አሉኝ። እንግዲያው ለሰዎቹ እርስዎ ይንገሩልኝ አልኳቸው።

"እኔ ብነግራቸው ይቀበሉኛል። አንተን ግን ከዚህ በኋላ አያምኑህም። ሂድና ራስህ ንገራቸው።"

ወደ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሰባቱም አባወራዎች አያ ሰይድ ደጅ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው፤ እቴ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመዋል። አንገቴን ደፍቼ ከፓኮው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ዘሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰኔ ላይ መሬታችሁ ቢሄድ በእኔ ነው፤ አልኩ። ቀና ብዬ አያ ሰይድን ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "መሬቱ አይደለም ማለት ነው?"

"ምኑ?"

"እኛማ መሬቱ ሸማኔ አልቀበልም ያለ መስሎን ነበር። የአባቶቻችንን ሙያ በመጣላችን የተቆጣን ነገር አለ ብለን አሁን ዱዓ ልናደርግ ነበር የተሰበሰብነው። ጥፋቱ የአንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አያ ሰይድ፤ ስድስቱም ተቀበሏቸው።

በሕይወቴ ጥፋቴን ስናዘዝ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩት አያ ሰይድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "አንተ" አሉኝ፤ እስኪሞቱም አልተመለሱም። ይህን ከሹመት ሁሉ አብልጬ ነው የማየው።

ምስጋናው ግን ዘር አይሆንም። የመጋቢት ዝናብ ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ዘር ያላቸው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እነሱም ለራሳቸው የያዙት ነው። ሁሉም ሲያወጣ ሲያወርድ እቴ ዘሀራ ወደ ውስጥ ገቡ። ከቆጡ ላይ በአሮጌ ሰሌን የተጠቀለለ ነገር አውርደው መሐላችን አስቀመጡት። የሽመናው ዕቃ ነው፤ መወርወሪያው፣ ቀሰሙ፣ የድሩ ዕቃ ሁሉ ከነክሩ አለ። ለዶሮ ቤት የሆነው ምሰሶው ብቻ ነበር።

"ሪዝቅ፣ የሰው ሲሳይ፣ በአንድ በር ብቻ አይገባም" አሉ። "ግብርናው አንዱን በር ዝጉ አለን፤ ዘጋን። ቁልፉን ጣሉ ግን አላለንም።"

አያ ሰይድ ሚስታቸውን አይተው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከየትኛውም በዓል ይበልጥብኛል። ምሰሶው ከዶሮ ቤቱ ተነቀለ፤ ዶሮዎቹ ሜዳ ቀሩ። ሴቶቹ በየቤቱ የተረፈውን ጥጥ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ተራራው ሥር ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ወፍራም ቡሉኮ የማይመኝ ቤት የለም። አንድ ቡሉኮ ለዘር ስንዴ ይለወጣል የሚለው ወሬ በአንድ ገበያ ቀን መንደሩን አዳረሰው። አንዲት ባልቴት ከዘራቸው ቀንሰው ሲያመጡ፣ "እኔስ ቢርበኝም ብርድ አይነካኝም" አሉ።

እኔ እንደ ሐውልት ቆሜ ሳይ፣ አያ ሰይድ የኦቦ ከድርን ጥያቄ ወረወሩብኝ፤ አንተስ ድሮ ምን ትሠራ ነበር? ለካ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ቡሉኮ ግራና ቀኙ ለየብቻ ተሸምኖ ነው የሚገጣጠመው፤ መርፌ አስጨበጡኝ። አባቴ ስፌት ያስተማረኝ በኩርኩም ነበርና እጄ አልረሳውም። እቴ ዘሀራ ስፌቴን ገልብጠው መርምረው፣ ከእርሻ ትምህርትህ ይሄ ይሻላል ብለውኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ የሠራሁት የመጀመሪያው ጠቃሚ ሥራ ይኸው ነው።

መጋቢት ላይ ደመናው ከደቡብ ተነሣ። ኦቦ ቱፋ ከድንበሩ ካብ ማዶ ሆነው ገና መግባቱን ጮኸው ሲነግሩን፣ አያ ሰይድ "የትኛው ገና?" ብለው መልሰው ጮኹ። ማሳ ላይ የነበረው ሁሉ ሆዱን ይዞ በሳቅ ወደቀ። ስሜ የወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ የዘራነው ዘር በአምስተኛው ቀን ብቅ አለ፤ ዝናቡም አላቋረጠም። ትልማቸውን እንደ ጥለት ሲያስተካክሉ የተሳቀባቸው ሰዎች አረም እንኳ በመስመር ነበር የሚነቅሉት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ተነሣ። እኔም ተከተልኳቸው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ኦቦ ቱፋ፣ ከኋላ መዝገብ የታቀፈ ጸሐፊ። ከአያ ሰይድ ማሳ ጀመሩ። ስንዴው አዘርዝሮ ወገብ ደርሷል፤ ነፋስ ሲመጣ ባንድ ላይ ያጎነብሳል። ኦቦ ቱፋ በድንበሩ ዙሪያ ሙሉውን ዞሩ። ገባ ብለው ዛላ ይዘው በጣታቸው መረመሩ። ጎንበስ ብለው በስንዴው ግርጌ አረም ፈለጉ፤ አላገኙም። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

"ይህን ያረሰው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ አያ ሰይድ።

ኦቦ ቱፋ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ጻፍ። ሰይድ፣ ገበሬ።"

ጸሐፊው "ሸማኔ" የሚለውን ሊሰርዝ ብዕሩን ሲያነሣ፣ አያ ሰይድ ረጅም ጣቶቻቸውን መዝገቡ ላይ ዘረጉ። "እሷን ተዋት" አሉ። "ዘሩን ያመጣችው እሷ ናት።"

ኮሚቴው ተንሾካሾከ። አንዱ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሥራ የሚጻፍበት ቦታ መዝገቡ ላይ የለም አለ። ጸሐፊው እኔን አየኝ፤ እኔም ኦቦ ቱፋን አየሁ። ኦቦ ቱፋ ስንዴውን፣ ቀጥለው አያ ሰይድን፣ ከዚያ በራፋቸው ላይ እንዝርት ይዘው የቆሙትን እቴ ዘሀራን አዩ። "ቦታው ከጠበበህ በጎን ጻፍለት" አሉት፤ ወደሚቀጥለውም ማሳ ሄዱ።

ጸሐፊው በጎን ጻፈና መዝገቡን ክፍት እንደያዘ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆመ። ማንበብ የማያውቁት አያ ሰይድ እጄን ይዘው ወደ መዝገቡ ጎተቱኝ፤ "ገበሬ የምትለው የቷ ናት?" አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው።

"ይቺ ብቻ? ስንት ፊደል ናት?"

"ሦስት።"

"ለሦስት ፊደል ነው ይህን ያህል የደከምነው?" ብለው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ሸማኔስ ስንት ናት?" አሉ።

ከዚያ በፊት ቆጥሬያት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ።

"እሷም ሦስት ናት።"

አያ ሰይድ ሁለቱን ቃላት እያፈራረቁ ብዙ አዩ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ጺማቸው ላይ ሲደርስ አልጠረጉትም።

"እኩል ናቸዋ" አሉ።

እኩል ናቸው አልኳቸው።